የሳቁበት ሰው፦ የሮበርት ጎዳርድ የሕይወት ታሪክ

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። ሰውዬው ንጉሥ ወይም የጦር መሪ አልነበረም። ቀጭን፣ ዝምተኛና ሕመም የማይለየው የፊዚክስ መምህር ነበር። ይሁን እንጂ በፈሳሽ ነዳጅ ከሚሠሩት ሮኬቶች ሁሉ ቀድማ የበረረችው ሮኬት የእርሱ ናት። ስሙም ሮበርት ሃቺንግስ ጎዳርድ ይባላል።

ይህን ታሪክ የመረጥነው ስለ ሮኬት ለማውራት ብቻ ብለን አይደለም። ከመካከላችን አንዱ አዲስ ነገር ልሞክር ብሎ ሲነሣ የሚስቅበት አይጠፋም። የተሳቀበት ሰው ምን ማድረግ ይገባዋል? ሳቁስ በሚስቀውና በሚሳቅበት ላይ ምን ጉዳት ያመጣል? ለእነዚህ ጥያቄዎች የጎዳርድ ሕይወት ጥሩ መልስ ይሰጠናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ልጅነቱ

ጎዳርድ የተወለደው በጥቅምት 5 ቀን 1882 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት፣ ዉስተር በምትባል ከተማ ነው። አባቱ የመሣሪያ ነገር የሚወድ ሰው ስለ ነበር ለልጁ ማጉሊያ መነጽርና የሩቅ ማያ መነጽር ገዛለት። ልጁም የሰማውን ሁሉ በእጁ ሳይሞክር የማያምን ሆነ።

ገና የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ጫማን በመንገድ ላይ በመፈተግ የኤሌክትሪክ ኃይል ማከማቸት እንደሚቻል ሰማ። ከባትሪ የወጣ የዚንክ ዘንግ በእጁ ይዞ በጠጠሩ ላይ እግሩን ከፈተገ በኋላ ከአጥር ላይ ዘለለ። ከወትሮው ጥቂት ከፍ ያለም መሰለው። እናቱ ግን ነገሩ ከተሳካለት በርሮ ርቆ ሄዶ መመለስ እንዳያቅተው ብታስጠነቅቀው፣ ፈርቶ ዘንጉን ደበቀ። በ16 ዓመቱ ደግሞ ከቀጭን አልሙኒየም ፊኛ ሠርቶ ሃይድሮጅን በሚባለው ቀላል ጋዝ ሞላው። ፊኛው ግን ስለ ከበደ ከመሬት አልተነሣም። ልጁ አላለቀሰም፤ ያልተሳካበትን ሁኔታ በማስታወሻው ላይ ጻፈ። ይህን ልማድ ልብ በሉልን፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ አልተለየውምና።

ጤናው ደካማ ስለ ነበር ከትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ይቀር ነበር። በዚህም ምክንያት ከእኩዮቹ ሁለት ዓመት ያህል ወደ ኋላ ቀረ። በቤት ሲውል ግን መጽሐፍ ከእጁ አይለይም ነበር። በ1898 ኤች ጂ ዌልስ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ የጻፈውን፣ ከማርስ ስለ መጡ ፍጥረታት የሚተርከውን ልብ ወለድ አነበበና አሳቡ ወደ ሰማይ ተሳበ።

በጥቅምት 19 ቀን 1899 የ17 ዓመቱ ወጣት የደረቁ ቅርንጫፎችን ሊቆርጥ በቤተሰቡ ግቢ ካለ አንድ የቼሪ ዛፍ ላይ ወጣ። ከዚያ ሆኖ ሜዳውን ሲመለከት፣ ወደ ማርስ ሊሄድ የሚችል መሣሪያ መሥራት ቢቻል ምንኛ ድንቅ እንደሚሆን አሰበ። የሕይወቱ ዓላማ የተገለጠለት ያን ዕለት እንደ ሆነ ይቆጥር ነበር። ከዚያ በኋላ ያችን ቀን በየዓመቱ በማስታወሻው ላይ እያሰበ ኖረ።

ትምህርቱና ሕመሙ

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የፈጸመው በ1904፣ በ21 ዓመቱ ነው። ቢዘገይም ወደ ኋላ አላለም። በ1908 ከዉስተር የቴክኒክ ኮሌጅ የመጀመሪያ ዲግሪውን ተቀበለ፤ በ1911 ደግሞ በዚያው ከተማ ካለው ከክላርክ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ። ኮሌጅ ሳለ፣ በ1907፣ በፊዚክስ ሕንፃ ምድር ቤት የባሩድ ሮኬት ለኩሶ ቤቱን በጭስ ሞላው። መምህራኑም ከዚያ ቀን ጀምሮ በደንብ አወቁት።

በ1913 ግን የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። ሐኪሞቹ ከሁለት ሳምንት በላይ በሕይወት የሚቆይ አልመሰላቸውም። እርሱ ግን በንጹሕ አየር እየተንሸራሸረ፣ ጥቂት ጥቂት እየሠራ ቀስ በቀስ አገገመ። ከበሽታው ሲያገግም የሠራውም ሥራ በሐምሌ 1914 ፍሬ ሰጠ። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት የፈጠራ መብቶች ተሰጡት፤ አንደኛው አንዱ ሲያልቅ ሌላው የሚቀጣጠልበት ባለ ብዙ ደረጃ ሮኬት፣ ሁለተኛው በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ ሮኬት ነው። ዛሬ ወደ ሕዋ የሚወጡት ታላላቅ ሮኬቶች በእነዚህ በሁለቱ አሳቦች ላይ የቆሙ ናቸው።

ሮኬት በምን ይሄዳል?

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ነገሩን እናስረዳ። አንድ ፊኛ ነፍተን አፉን ሳናስር ብንለቀው አየሩ ወደ ኋላ ሲወጣ ፊኛው ወደ ፊት ይፈተለካል። ሮኬትም እንዲሁ ነው። ነዳጁ ተቃጥሎ ትኩስ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙ በታላቅ ፍጥነት ወደ ታች ሲወረወር ሮኬቱ በአጸፋው ወደ ላይ ይገፋል።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው፣ የተማረውም ጭምር፣ ጋዙ የሚገፋው ከበስተኋላው ያለውን አየር ይመስለው ነበር። ይህ ቢሆን ኖሮ አየር በሌለበት በሕዋ ሮኬት ሊሄድ አይችልም ነበር። ጎዳርድ ግን ክርክር አልመረጠም። አየሩ ከተመጠጠ የብረት ቱቦ ውስጥ ትናንሽ ሮኬቶችን አቀጣጥሎ ግፊታቸውን ለካ። ግፊቱ አልጠፋም፤ እንዲያውም በመጠኑ በለጠ።

ሌላም ነገር ለካ። በገበያ የሚሸጡት የርችት ሮኬቶች ከባሩዳቸው ኃይል ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጡት 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ደ ላቫል የተባለው ስዊድናዊ መሐንዲስ ለእንፋሎት ሞተር የፈጠረውን የጋዝ መውጫ ወሰደ። ይህ መውጫ መጀመሪያ ይጠብባል፤ ከዚያ እንደ ጥሩምባ አፍ ይሰፋል። በዚህ መንገድ ጋዙ እጅግ ፈጥኖ ስለሚወጣ ከኃይሉ ከ60 በመቶ በላይ ለሥራ ዋለ። በ1917 ስሚትሶኒያን የተባለው ታላቅ የሳይንስ ተቋም ይህን አይቶ 5,000 ዶላር ሰጠው።

ሳቁ

ጎዳርድ የምርምሩን ውጤት በ1919 መጨረሻ ስሚትሶኒያን ባሳተመለት ጽሑፍ ገለጠ። ጽሑፉ በስሌትና በሰንጠረዥ የተሞላ ሲሆን፣ ዋና ዓላማው ፊኛ ሊደርስበት በማይችል ከፍታ ያለውን አየር ስለ መመርመር ነበር። በመጨረሻው ገደማ ግን አንድ ነገር ጨመረ። በቂ ኃይል ያለው ሮኬት ጨረቃ ላይ ደርሶ፣ ከምድር ሊታይ የሚችል ብልጭታ የሚሰጥ ዱቄት ሊያቀጣጥል እንደሚችል በስሌት አሳየ።

ጋዜጦቹ ሌላውን ሁሉ ትተው ይህችን ብቻ ያዙ። በጥር 13 ቀን 1920 ኒው ዮርክ ታይምስ በርእሰ አንቀጹ፣ ሮኬት አየር በሌለበት የሚገፋው ነገር ስለማያገኝ ሊሄድ እንደማይችል፣ ፕሮፌሰሩም በትምህርት ቤት የሚሰጠውን እውቀት እንኳ የጎደለው እንደ ሆነ አድርጎ ጻፈበት። እርሱ ነገሩን ፈትኖ፣ ለክቶ ያረጋገጠው ከዓመታት በፊት ነበር። የጻፈው ሰው ግን አልጠየቀም፤ አላነበበምም። አገሩም ሳቀ። ጎዳርድ የጨረቃው ሰውዬ ሆኖ ቀረ።

በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮች ሆኑ። የመጀመሪያው መልካም ነበር፤ ለሳቁ በሥራ ሊመልስ ቆረጠ። ሁለተኛው ግን እንደ እሾህ ሆኖ በልቡ ቀረ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራውን ከሰው ዓይን መሸሸግ ጀመረ። ሁለተኛው ያመጣውን ጉዳት ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በአክስቱ እርሻ

ባሩድ አንዴ ከተቀጣጠለ ሊቆጣጠሩት አይቻልም። ፈሳሽ ነዳጅ ግን የበለጠ ኃይል አለው፤ እንደ ቧንቧ ውኃም እየመጠኑ ሊለቁት ይቻላል። ጎዳርድ ይህን አሳብ በማስታወሻው ያሰፈረው በ1909 ነበር። የመረጠው ነዳጅ ቤንዚን ሲሆን፣ ለማቃጠያ የሚሆነው ደግሞ ፈሳሽ ኦክሲጅን ነው። ፈሳሽ ኦክሲጅን ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ስለ ሆነ መያዣው እጅግ ያስቸግራል። በአንድ ወገን ከበረዶ ይልቅ የቀዘቀዘ ቧንቧ፣ በሌላው ወገን ብረት የሚያቀልጥ እሳት፤ ሁለቱን በአንዲት ቀጭን መሣሪያ ማገናኘት ነበረበት።

ከ1921 ጀምሮ በዚህ ላይ ደከመ። በ1924 ኤስተር ኪስክ የተባለች በዩኒቨርሲቲው ጽሕፈት ቤት ትሠራ የነበረች ወጣት አገባ። እርሷም ሙከራውን በፎቶግራፍና በፊልም የምትቀርጽ የሥራ ጓደኛው ሆነች። በታኅሣሥ 6 ቀን 1925 ሞተሩ በመፈተኛው ላይ እንዳለ የራሱን ክብደት ለማንሣት ቻለ።

በመጋቢት 16 ቀን 1926 አራት ሰዎች በኦበርን ከተማ፣ የአክስቱ የኤፊ እርሻ ላይ ተገኙ፤ ጎዳርድ፣ ኤስተር፣ የብረት ሥራ ባለሙያው ሄንሪ ሳክስና መምህሩ ፐርሲ ሩፕ። መሬቱ በረዶ ለብሷል። ሮኬቷ ቁመቷ 3 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሞተሯ ከላይ፣ የነዳጅ ጋኖቿ ከታች ነበሩ። ጎዳርድ ሞተሩ ከፊት ሆኖ ቢጎትት ሮኬቷ ቀጥ ብላ የምትሄድ መስሎት ነበር። ሳክስ በረዥም ዘንግ ጫፍ ላይ በታሰረ እሳት ለኮሳት። ነበልባሉ ጮኸ፤ ሮኬቷ ግን ወዲያው አልተነሣችም። ነዳጇ ጥቂት ሲቃጠልና ሲቀላት ቀስ ብላ ተነሣች፤ ወዲያውም ፍጥነቷ ጨመረ። 12.5 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ ታጥፋ፣ 56 ሜትር ርቃ በጎመን መደብ ላይ ወደቀች። በረራው በጠቅላላው ሁለት ሰከንድ ተኩል ነበር። በኤስተር እጅ የነበረው የፊልም ካሜራ ጥምዝ አልቆበት ስለ ነበር ያን በረራ አልቀረጸውም።

ሁለት ሰከንድ ተኩል! በአሳብ ከተፀነሰች 17 ዓመት፣ ለሁለት ሰከንድ ተኩል። ነገር ግን ያን ቀን በፈሳሽ ነዳጅ መብረር እንደሚቻል ተረጋገጠ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይፈልግም። ጎዳርድ ከበረራው በኋላ ሞተር ከላይ መሆኑ ሮኬትን ቀጥ እንደማያደርግ ተማረ፤ በኋላም ሞተሩን ወደ ታች አወረደው።

ይሁን እንጂ ይህን ታላቅ ዜና ለሕዝብ አልነገረም። ለስሚትሶኒያን ብቻ ጽፎ ዝም አለ። ዓለም የሰማው ከ10 ዓመት በኋላ በ1936 ነው።

ወደ ሮዝዌል

በሐምሌ 17 ቀን 1929 ባሮሜትር፣ የሙቀት መለኪያና ትንሽ ካሜራ የተሸከመች ሮኬት ከዚያው እርሻ ተኮሰ። ድምፁ እጅግ ታላቅ ስለ ነበር ጎረቤቶች አውሮፕላን የተከሰከሰ መስሏቸው ፖሊስ ጠሩ። ጋዜጦችም ሮኬቱ ጨረቃ ሳይደርስ መቅረቱን እየጻፉ እንደ ገና ቀለዱ። የክፍለ ግዛቱ የእሳት አደጋ ሹምም በማሳቹሴትስ ሮኬት እንዳይተኩስ ከለከለው።

ክፉ የመሰለው ነገር ግን ለበጎ ሆነ። ወሬውን ከሰሙት አንዱ፣ በ1927 አትላንቲክን ብቻውን በአውሮፕላን ያቋረጠው ቻርልስ ሊንድበርግ ነበር። እርሱም አልሳቀም፤ ሄዶ ጠየቀ። ካነጋገረውም በኋላ ጉገንሃይም ለተባሉት ባለጸጋ ስለ ጎዳርድ ነገራቸው። እርሳቸውም ለሁለት ዓመት የሚሆን 50,000 ዶላር ሰጡ። እንዲህ ሆኖ ጎዳርድ በ1930 ሰው ወደማይበዛበት ወደ ኒው ሜክሲኮ፣ ሮዝዌል ወደምትባል ከተማ ሄደ።

በዚያ በረሃ ከጥቂት ረዳቶች ጋር ሠራ። በታኅሣሥ 30 ቀን 1930 ሮኬቱ 610 ሜትር ያህል ከፍ አለ። በመጋቢት 28 ቀን 1935 ጃይሮስኮፕ በሚባል የሚሽከረከር ሚዛን ጠባቂ የሚመራ ሮኬት 1,460 ሜትር ወጣ። መሣሪያው ሮኬቱ ሲያዘነብል በጋዙ መንገድ ላይ ያሉትን ክንፎች እያንቀሳቀሰ ያቃናው ነበር። በመጋቢት 26 ቀን 1937 ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ደረሰ። ከ1926 እስከ 1941 ድረስ 34 ያህል ሮኬቶችን ተኮሰ። ያልተነሡ፣ የፈነዱ፣ ሞተራቸው የቀለጠባቸው ብዙ ነበሩ። እርሱ ግን ስብርባሪውን ሰብስቦ ይመረምራል፤ ኤስተር ፎቶ ታነሣለች፤ ምክንያቱ ይጻፋል፤ አንድ ነገር ብቻ ተለውጦ እንደ ገና ይሞከራል። ሲተኩሱም በርቀት ከተሠራ መጠለያ ሆነው ነበር። ድፍረት ያለ ጥንቃቄ ሞኝነት መሆኑን ያውቅ ነበርና።

መሸሸጉ ያስከፈለው ዋጋ

አሁን ወደ እሾሁ እንመለስ። በ1936 በካሊፎርኒያ የሮኬት ምርምር የጀመረ ፍራንክ ማሊና የተባለ ተማሪ ሊጎበኘው ሮዝዌል ድረስ መጣ። ጎዳርድ በደግነት ተቀበለው፤ የሥራውን ዝርዝር ግን አላሳየውም። ማሊና ባዶ እጁን ተመለሰና ከጓደኞቹ ጋር በራሱ መንገድ ሄደ። የእነርሱ ቡድን ከጊዜ በኋላ ወደ ሌሎች ዓለማት መንኮራኩር የሚልክ ታላቅ ማእከል ሆነ።

በጀርመን ደግሞ ብዙ መሐንዲሶች በመንግሥት ገንዘብ በአንድነት ይሠሩ ነበር። በጥቅምት 3 ቀን 1942 ቪ 2 የተባለው ሮኬታቸው ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ አለ። ያ ሮኬት ለጦርነት ውሎ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን የፈጀ መሆኑን ሳናዝን አንጠቅሰውም። ለጎዳርድ ግን ሌላም ኀዘን ነበረው። ከጦርነቱ ማብቂያ በፊት የተማረከ ቪ 2 ሲያይ የራሱን አሳብ ያየ መሰለው። በኋላ የመረመሩ ሰዎች እንደሚሉት ጀርመኖቹ አብዛኛውን በራሳቸው ድካም የደረሱበት ነው። ሁለቱም ወገን አንዱን መንገድ ለየብቻው ጠርጎታል። ልዩነቱ፣ በአንዱ ወገን ብዙ ሰዎች፣ በሌላው ወገን አንድ ሰው ከጥቂት ረዳቶች ጋር መሆናቸው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።

ጎዳርድ በጉሮሮ ካንሰር ታሞ በነሐሴ 10 ቀን 1945 በባልቲሞር አረፈ። ሰው ወደ ሕዋ ሲወጣ አላየም።

ከሞቱ በኋላ

ኤስተር ግን ማስታወሻዎቹን አሰናድታ ያላለቁትን የፈጠራ መብቶች አስፈጸመች። በጠቅላላው 214 የፈጠራ መብቶች ሲኖሩት 131ዱ የተገኙት እርሱ ከሞተ በኋላ ነው። በ1960 የአሜሪካ መንግሥት በእነዚህ መብቶች ለመጠቀም 1 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በ1959 የተቋቋመው የሜሪላንዱ የሕዋ በረራ ማእከልም በስሙ ተሰየመ።

በሐምሌ 16 ቀን 1969 አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ ተነሣች። በማግሥቱ፣ በሐምሌ 17፣ ኒው ዮርክ ታይምስ በ1920 የጻፈውን አርሞ፣ ሮኬት አየር በሌለበትም እንደሚሠራ አምኖ አጭር ማስተካከያ አወጣ። ከሳቁ እስከ እርማቱ 49 ዓመት አለፈ። ጎዳርድም ከሞተ 24 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶ ነበር።

ምን እንማራለን?

ውድ ወጣቶች፤ ከዚህ ታሪክ ሁለት ወገን ትምህርት እንወስዳለን። ለሚሳቅበት የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ በቃል ከመከራከር መለካት፣ መጻፍና ዳግመኛ መሞከር ይሻላል። የጎዳርድ ሮኬቶች ብዙዎቹ ወድቀዋል፤ ነገር ግን የወደቁበት ምክንያት ስለ ተጻፈ አንዱም ከንቱ አልሆነም። ሁለተኛው ትምህርት ደግሞ፣ የሚስቁብን ጥቂቶች ስላሉ ሊረዱን ከሚመጡት ሁሉ በራችንን አንዝጋ የሚል ነው። ማሊና ሊስቅ አልመጣም፤ ሊማር መጣ እንጂ።

ለምንስቀው ለእኛም ቃል አለን። ያ ጋዜጣ ጸሐፊ ሥራውን አንድ ጊዜ ጠይቆ ቢረዳ ኖሮ ጎዳርድ ምናልባት በሩን ባልዘጋ ነበር። ሊንድበርግ ግን ጠየቀ፤ በመጠየቁም የብዙ ዓመታት ሥራ ተገኘ። በክፍላችን ወይም በሰፈራችን ራዲዮ የሚፈታታ፣ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ፣ ከመጽሐፍ የማይለይ ልጅ ሲገጥመን እንደ ጋዜጣው እንሆናለን ወይስ እንደ ሊንድበርግ?

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ዛሬ በብዙ አገሮች ለትምህርትና ለመዝናኛ ትላልቅ ሮኬቶችን የሚሠሩ ማኅበራት አሉ። እነርሱ ተመርምሮ የተፈቀደ ሞተር ይገዛሉ፤ ፈቃድ ያወጣሉ፤ ከሩቅ ሆነው ይለኩሳሉ፤ ሮኬቱም በፓራሹት እንዲወርድ ያደርጋሉ። እንግዲህ ከመካከላችን ልቡ የተነሣሣ ቢኖር ነዳጅና ባሩድ በቤቱ አይቀላቅል። በፊኛና በክር ይጀምር፤ የፊኛውን ርቀት ይለካ፤ በደብተሩ ይጻፍ። ጎዳርድም የጀመረው ካልተነሣ ፊኛና ከአንድ ደብተር ነው።